ስለ ቡሽና ስለሚበቅልበት ደን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቡሽ ከዛፍ እንደሚመጣ ብዙ ሰው ያውቃል። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ይደበላለቃል። አንዱ “ዛፉን ቆርጠው ነው የሚሠሩት” ይላል፤ ሌላው “ቡሽ ከዓለም ሊጠፋ ነው” ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በብዛት የሚነሱት ናቸው። ወሬው በአብዛኛው ስለ ፖርቱጋል ነው፤ ምክንያቱም የዓለም ቡሽ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቡሽ በትክክል ምንድን ነው?

የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ሌላ ምንም አልተጨመረበትም። ዛፉ ከባሉጥ ወገን ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ኩዌርከስ ሱበር ይባላል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም። ተፈጥሯዊ አገሩ ምዕራብ ሜዲትራኒያን ነው፦ ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ ሞሮኮ፣ አልጄሪያ፣ ቱኒዚያ፣ ደቡብ ፈረንሳይ፣ እንዲሁም ጣሊያን ውስጥ በተለይ ሰርዲኒያ። በጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ መሬት ይሸፍናል። የዚህ ሲሶ ያህሉ ፖርቱጋል ውስጥ ነው፤ አብዛኛው አሌንቴዡ በሚባለው ሰፊና ደረቅ የደቡብ ግዛት።

ቅርፊቱ በጣም ትናንሽ በሆኑ፣ አየር በታሰረባቸው ክፍሎች የተሞላ ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ 40 ሚሊዮን ገደማ ይገኛሉ። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 በአጉሊ መነጽር አይቶ “ሴል” ብሎ የሰየማቸው እነዚህን ነበር። ግድግዳቸው ሱበሪን በሚባል ሰም መሰል ነገር የተለበጠ ስለሆነ ውሃም አየርም እንደ ልብ አያሳልፍም። ቡሽ ሲጫኑት የሚሟሽሸው፣ ሲለቁት የሚመለሰው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም በዚሁ አየር ምክንያት ነው።

ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይደርቃል አይደል? ይሄ እንዴት ተረፈ?

ጥያቄው የገባ ነው። የእኛ ገበሬ ዛፍ ማድረቅ ሲፈልግ ግንዱን ዙሪያውን ልጦ ይተወዋል። ዛፉም ቆሞ ይሞታል። የሚሞተው ግን ከቅጠል ወደ ሥር ምግብ የሚያወርደው ሕይወት ያለው የውስጥ ቅርፊት አብሮ ስለተነሳ ነው።

የቡሽ ዛፍ ላይ የሚነሳው የውጭው፣ የሞተው ሽፋን ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ሕያው ሽፋን አይነካም። ስፔኖች “እናት” ይሉታል። አዲሱን ቡሽ የሚያበጀው እሱ ነው። ሌሎች ዛፎችም ቡሽ መሰል ነገር በቅርፊታቸው ላይ አላቸው። በዚህ ውፍረት፣ በዚህ ጥራት፣ ደግሞ ተልጦ እንደገና በመልበስ ግን የሚስተካከለው የለም።

ዛፉ ምንም አይሰማውም ማለት ግን አይደለም። ከተላጠ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውሃ በብዛት ያጣል። ስለዚህ ድርቅ ባለበት ዓመት አስተዋይ ባለመሬት ልጣጩን ለሚቀጥለው ዓመት ያስተላልፋል። መጥረቢያ ጠልቆ እናቲቱን ከነካ ደግሞ ጠባሳው አይጠፋም፤ በዚያ ቦታ የሚወጣው ቡሽ ለዘለቄታው የተንሻፈፈ ይሆናል። አሮጌ ዛፎች ላይ የዛሬ ስንት ዓመት የማን እጅ እንደተሳሳተ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንድ ዛፍ ለስንት ዓመት ይጠበቃል?

ለረጅም ጊዜ። የፖርቱጋል ሕግ የሚለው ግልጽ ነው፦ ግንዱ ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ሲለካ ዙሪያው 70 ሴንቲሜትር ሳይሞላ መላጥ ክልክል ነው። ለዚህ 25 ዓመት ገደማ ይፈጃል። የመጀመሪያው ቅርፊት ሻካራና የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ለጠርሙስ አይሆንም፤ ተፈጭቶ ለሌላ ሥራ ይውላል። ከ9 ዓመት በኋላ የሚመጣው ሁለተኛውም ገና ነው። ለወይን ጠርሙስ የሚሆነው ሦስተኛው ነው። ያኔ ዛፉ ከ40 ዓመት አልፎታል። የተከለው ሰው ጥሩውን ቡሽ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ግን ዛፉ ባለውለታ ነው። 200 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ከሊዝበን በስተደቡብ አጉዋሽ ዴ ሞውራ በምትባል መንደር በ1783 የተተከለ አንድ ዛፍ አለ። ቅርንጫፎቹ ላይ በሚሰፍሩ ወፎች ብዛት “አፏጪው” ይባላል። በ2018 የአውሮፓ የዓመቱ ዛፍ ተብሎ ተመርጧል። በ1991 ሲላጥ ብቻውን 1,200 ኪሎ ቡሽ ሰጥቷል።

ለምን 9 ዓመት? 5 ወይም 15 ያልሆነው ለምንድን ነው?

ነገሩ የውፍረት ጉዳይ ነው። የተለመደው የወይን ቡሽ 24 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ከቅርፊቱ ላይ የሚበሳው ከግንዱ ቁመት ጋር ትይዩ ሆኖ ነው፤ በአግድም ቢበሳ በቅርፊቱ ውስጥ የሚያልፉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቁና ወይኑ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ቅርፊቱ ራሱ ከ24 ሚሊሜትር በላይ መወፈር አለበት። ለዚያ ደግሞ 9 ዓመት ያስፈልጋል። ሕጉም ከዚያ በታች አይፈቅድም።

አሌንቴዡ ውስጥ በመኪና ስታልፉ ግንዶች ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ አንድ ቁጥር ታያላችሁ። ዛፉ የተላጠበት ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ነው። 3 ከሆነ በ2023 ተልጧል፤ ተራው በ2032 ነው። መዝገብ መክፈት አያስፈልግም፤ ጫካው ራሱ መዝገብ ነው።

ልጣጩ እንዴት ነው የሚካሄደው?

በሰው እጅ፣ በመጥረቢያ። ጊዜው በጋቸው ነው፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ። ያኔ ዛፉ በእድገት ላይ ስለሆነ ቅርፊቱ ከውስጡ በቀላሉ ይላቀቃል።

ሠራተኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ዛፍ ይይዛሉ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። መጥረቢያው ስለቱ ሰፊ ነው፤ የእጀታው ጫፍ ደግሞ እንደ ሽብልቅ ተሞርዷል። መጀመሪያ ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ የተሰነጠቀበትን ይመርጡና በዚያ መስመር ወደ ታች ይቀዱታል። መጥረቢያውን ሳያወጡ ጠምዘዝ ያደርጉታል። እዚህ ላይ ጆሮ ነው የሚሠራው። ድምፁ ባዶ ባዶ ካለ ቅርፊቱ እሺ ብሏል። ደረቅና አጭር ከሆነ አልተላቀቀም፤ በግድ ከተጎተተ እናቲቱን ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ይተዉታል። እሺ ካለ ከላይና ከታች አግድም ይቆርጡና በእጀታው ጫፍ እየፈለቀቁ ጣውላውን ሳይሰበር ያነሱታል። ትልቅ ጣውላ ከቁርጥራጭ ይልቅ ዋጋ ያወጣል።

የሚላጠው ቁመትም ገደብ አለው። ለአቅመ ቡሽ በደረሰ ዛፍ ላይ ከግንዱ ዙሪያ ልክ ሦስት እጥፍ በላይ ወደ ላይ መውጣት አይፈቀድም። እንደተላጠ ግንዱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይመስላል፤ ከዚያ ቀይ ቡናማ፣ ከዓመታት በኋላ ግራጫ ይሆናል።

ይህ ሙያ ከግብርና የቀን ሥራዎች ሁሉ ጥሩ ከሚከፈልባቸው አንዱ ነው። ጥልቀቱን እየለኩ የሚቆርጡ ኤሌክትሪክ መጋዞች መጥተዋል፤ ያግዛሉ፣ ባለሙያውን ግን አልተኩትም። ችግሩ ባለሙያዎቹ እያረጁ መሆናቸው ነው። በዓመት ለሁለትና ለሦስት ወር ብቻ ለሚሠራ ሥራ ወጣቱን ገጠር ማስቀረት ቀላል አይደለም።

ከጫካው በኋላስ?

ጣውላው ሜዳ ላይ ተደርድሮ ወራት ይቆያል። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል በሚፈላ ውሃ ይቀቀላል፤ ይለሰልሳል፣ ይቃናል፣ ይጸዳል። በጥራት ይለይና ይቆረጣል፣ ይበሳል። ደኑ ደቡብ ሆኖ ፋብሪካው የተከማቸው ግን ሰሜን ነው፤ ፖርቶ ከተማ አቅራቢያ፣ ሳንታ ማሪያ ዳ ፌይራ አካባቢ። ታሪኩ ፖርት ከሚባለው የዚያ አካባቢ ወይን ንግድ ጋር የተያያዘ ነው። የዓለም ትልቁ የቡሽ ኩባንያ አሞሪምም በ1870 የተመሠረተው እዚያው አካባቢ ነው።

“ሞንታዶ” ሲባል ምን ማለት ነው? ደን ነው ወይስ እርሻ?

ሁለቱም ነው። ለዚህ ነው ለሚያጠኑት ሰዎች ራስ ምታት የሚሆነው። ፖርቱጋሎች ሞንታዶ፣ ስፔኖች ዴኤሳ ይሉታል። ዛፎቹ ተራርቀው ቆመዋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አይደለም። ከሥራቸው ሣር አለ፣ በጎችና ከብቶች አሉ። በደህና ዘመን በተራ የሚዘራ እህል ነበር፤ መሬቱም ዘንድሮ ከታረሰ የተወሰኑ ዓመታት ጦም ያድር ነበር። እኛ ጥምር ግብርና የምንለው ዓይነት ነው።

ከአንዱ መሬት የሚወጣው ብዙ ነው። ቡሽ በ9 ዓመት አንዴ ነው፤ መሐሉን የሚሞሉት ሌሎቹ ናቸው። ማር አለ። ከመኸር ዝናብ በኋላ እንጉዳይ ይለቀማል። ከተገረዘው ቅርንጫፍ ከሰል ይከሰላል። በደቡብ ኮረብቶች ላይ ከአንድ ቀይ የዱር ፍሬ ሜድሮኞ የሚባል አረቄ ያወጣሉ። ከሁሉም የታወቀው ግን አሳማው ነው። ጥቁሩ የአይቤሪያ አሳማ ከመኸር እስከ ክረምታቸው መጨረሻ የባሉጥ ፍሬ እየለቀመ ይሰባል፤ ሥጋው በደረቁ ታሽቶ በውድ ዋጋ ይሸጣል። እኛ ቤት የማይገባ ቢሆንም የዛፉን ዋጋ ለመረዳት ማወቁ አይከፋም፦ ገበሬው ዛፉን የሚጠብቀው ለቅርፊቱ ብቻ ሳይሆን ለፍሬውም፣ ለጥላውም ነው።

አራዊቱም ድርሻ አላቸው። ከሰሜን አውሮፓ የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች ስፔን፣ ኤስትሬማዱራ ውስጥ የባሉጥ ፍሬ እየበሉ ይከርማሉ፤ የእነዚሁ ወፎች ዘመዶች ጣና ዳር ድረስ ይመጣሉ። የስፔን ንጉሠ ነገሥት ንስርና ጥቁር ሽመላም እዚህ ይፈለፍላሉ። የአይቤሪያ ሊንክስ የምትባለው የዱር ድመት በ2002 ከ100 በታች ቀርታ ነበር፤ በ2023ቱ ቆጠራ ከ2,000 በልጣለች። ይህን የቡሽ ሻጮች ማስታወቂያ ላይ ሲጠቅሱት እሰማለሁ። ሐቁ ግን ያዳናት በዋናነት በግቢ ውስጥ አራብቶ መልቀቁ፣ አደን መከልከሉና የምትበላቸው ጥንቸሎች እንዲበዙ መደረጉ ነው። ሞንታዶው መኖሪያ ሰጥቷታል። ያ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ቡሽ መጠቀም ደን ያጠፋል ወይስ ያድናል?

አያጠፋም። ለቡሽ ተብሎ ዛፍ አይቆረጥም። ፖርቱጋል ውስጥ ደረቅ የቡሽ ዛፍ እንኳ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ያስቀጣል፤ ዛፉ ከ2011 ጀምሮ ብሔራዊ ዛፍ ነው። “ዛፍ ላድን” ብሎ የፕላስቲክ ቡሽ የሚመርጥ ሰው ነገሩን ገልብጦታል። ባለመሬቱ ዛፉን የሚያቆየው ገቢ ስላለው ነው። የቡሽ ገቢ 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ደግሞ ከወይን ጠርሙስ ነው። ያ ገበያ ከተመታ መሬቱ ወደ ሌላ ነገር ይዞራል።

ግን “ቡሽ የገዛ ደን አዳነ” ማለትም ማጋነን ነው። ዋጋው ጥሩ ሆኖም ዛፎቹ እያረጁ፣ ተተኪ ሳያገኙ የሚሞቱበት ቦታ ሞልቷል። አንድ ቡሽ ይህን ያህል ካርቦን ይይዛል የሚሉ ማስታወቂያዎችንም ጥርጣሬ ይዛችሁ አንብቡ። የሚያስሉት ደኑ የሚስበውን ነው፤ ደኑ ደግሞ ቡሹ ቢሸጥም ባይሸጥም ይስባል።

ደኑን የሚያሰጋው ምንድን ነው?

ዋናው ሕፃን ዛፍ አለመኖሩ ነው። ብዙ ሞንታዶ ውስጥ ያሉት ዛፎች እኩያሞች ናቸው፤ ሽማግሌዎች። ከሥራቸው የሚተካ ችግኝ የለም። ፍሬውን ወስደው መሬት ውስጥ የሚቀብሩ ወፎች አሉ፤ ቃል በቃል ወፍ ዘራሽ ነው። የበቀለውን ግን ከብቱ ይግጠዋል፣ ያልተጋጠውን ትራክተሩ ይገለብጠዋል።

ትራክተሩ ሲባል፣ የድሮ ታሪክ አለው። በ1929 የፖርቱጋል መንግሥት “የስንዴ ዘመቻ” ጀመረ፤ አገሪቱ በስንዴ ራሷን ትቻል ተባለ። አሌንቴዡ ያለው ስስ አፈር እስከ ዛፉ ሥር ድረስ ታረሰ። ስንዴው ለተወሰኑ ዓመታት ሰጠ፤ አፈሩ ግን ታጠበ፣ ሄደ። በኋላ የመጣው በትራክተር የሚጎተት የዲስክ ማረሻ ደግሞ ለውሃ የሚሳቡትን የላይ ሥሮች ይበጣጥሳል። ከዚህ የተጎዳ ዛፍ ፋይቶፍቶራ ለሚባለው ሥር አበስባሽ ተሕዋስ ይጋለጣል። ድርቅ ሲጨመርበት ዛፉ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ይደርቃል።

የሚገርመው ተቃራኒውም ጥፋት መሆኑ ነው። ሰው ጥሎት የሄደ፣ ከብት የማይገባበት ሞንታዶ በቁጥቋጦ ይሞላል። ቁጥቋጦው እሳት ይጠራል። ቡሹ ራሱ እሳት መከላከያ ነው፤ ሙሉ ቅርፊት ያለው ዛፍ ከተቃጠለ በኋላ መልሶ ያቆጠቁጣል። ቅርብ ጊዜ የተላጠ ዛፍ ግን ራቁቱን ነው።

ከዚያ ባህር ዛፍ አለ። እኛ የምናውቀው ባህር ዛፍ ፖርቱጋልም ውስጥ ለወረቀት ፋብሪካ ይተከላል፤ በ10 እና በ12 ዓመት ይቆረጣል፣ ገንዘቡ ቶሎ ይመጣል። በ2015ቱ የደን ቆጠራ ባህር ዛፍ 845,000 ሄክታር ገደማ፣ የቡሽ ዛፍ 720,000 ገደማ ነበር። 40 ዓመት ከሚጠብቅና 10 ዓመት ከሚጠብቅ ዛፍ ዕዳ ያለበት ሰው የትኛውን እንደሚተክል መገመት አያቅትም። በ2017 ሰው የጨረሰው ሰደድ እሳት ከደረሰ በኋላ ሕጉ አዲስ የባህር ዛፍ ተከላን ገድቧል።

መፍትሔው የሚታወቅ ነው፤ ውድ ነው እንጂ። ማሳውን ከፍሎ ለዓመታት ከብት እንዳይገባ ማጠር፣ ችግኙን አንድ በአንድ መከለል፣ ማረሻውን ከዛፍ ሥር ማራቅ። ለዚህ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ላይ ነው ነገሩ የሚቆመው።

ሰሜን አፍሪካ ውስጥስ?

ሁኔታው ከበድ ይላል። ሞሮኮ ውስጥ ራባት አጠገብ ያለው የማሞራ ደን ከዓለም ትልልቅ የቡሽ ደኖች አንዱ ነው። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ሰው ለቅሞ ገበያ ያወጣዋል፤ የተረፈውን በግና ከብት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ለዘር የሚቀር የለም። ለቃሚዎቹን መውቀስ ቀላል ነው። ግን የቡሹ ገንዘብ የሚገባው ወደ እነሱ ኪስ ካልሆነ፣ ለነገ ዛፍ ሲሉ ከዛሬ ቀለብ ላይ እንዲቀንሱ በምን አንደበት ይጠየቃሉ?

“ቡሽ የነካው” ወይን የሚባለው ምንድን ነው?

ሻጋታ ሻጋታ፣ እርጥብ ካርቶን የሚሸት ወይን ነው። ምክንያቱ በአጭሩ ቲሲኤ የሚባል ኬሚካል ነው፤ ሻጋታ ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ይፈጠራል። በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ብቻ ቢኖር አፍንጫ ይለየዋል። ጤና አይጎዳም፤ ወይኑን ግን ያበላሻል። አስተናጋጁ መጀመሪያ ትንሽ የሚቀዳላችሁ ለዚህ ነው፤ ከሸተታችሁ መልሱት፣ ነውር የለውም።

በ1990ዎቹ የቡሽ አምራቾች ይህን ችግር ንቀውት ነበር። ዋጋውንም ከፈሉ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ አብዛኛውን ወይናቸውን ወደሚጠመዘዝ ክዳን አዞሩ። ያኔ ነው አምራቾቹ የነቁት፤ በክሎሪን ማንጣቱን ተዉ፣ በእንፋሎት ማጠብና ቡሹን እያንዳንዱን መመርመር ጀመሩ። አሁን ችግሩ በጣም ቀንሷል።

ከወይን ሌላ ለምን ይሆናል?

ለወለል፣ ለግድግዳ ሙቀት መከላከያ፣ ለጫማ ሶል፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለባድሚንተን ኳስ። የጠፈር መንኮራኩሮች ሙቀት መከላከያ ላይም ገብቷል። ለግድግዳ የሚሆነው ጥቁሩ ሰሌዳ ሙጫ እንኳ አይጨመርበትም፤ ፍርፋሪው በሞቀ እንፋሎት ሲታመቅ በራሱ ሙጫ ይያያዛል። የቢራና የለስላሳ ቆርኪም በ1892 ሲፈለሰፍ ውስጡ ስስ የቡሽ ክብ ነበረው። ዛሬ በፕላስቲክ ተተክቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚመሳሰል ነገር አለ?

በጣም የሚቀርበው ዕጣን ነው። መተማና ቋራ፣ እንዲሁም ትግራይ ውስጥ የዕጣን ዛፍ ግንዱ እየተፋቀ ሙጫው ይሰበሰባል። ልክ እንደ ቡሽ፣ ዛፉ ሳይቆረጥ ነው የሚሰጠው። ችግሩም አንድ ነው፦ ትልልቆቹ ዛፎች ይቆስላሉ፣ ያረጃሉ፤ ከሥር የሚተካ የለም፤ ግጦሽ፣ እሳትና እርሻ ይፈጀዋል። ልዩነቱ ፖርቱጋል ውስጥ 9 ዓመት ካልሞላ አትነካም የሚል፣ ግንድ ላይ ተጽፎ የሚታይ ደንብ መኖሩ ነው። የዕጣን ዛፍ እንዲህ የሚታይ የዕረፍት ደንብ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ።

በጥምር ግብርና በኩል ደግሞ እንሰት፣ ቡና እና ትልልቅ ዛፍ አብረው የሚያድጉበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ምሥራቅ ሸዋ ውስጥ በጤፍ ማሳ መሐል ሳይቆረጥ የሚቀረው ግራርም የዚሁ ዘመድ ነው።

ያገለገለ ቡሽ ምን ላድርገው? እውነተኛ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

ያገለገለ ቡሽ ተመልሶ የወይን ቡሽ አይሆንም፤ ተፈጭቶ ለወለልና ለሰሌዳ ይሆናል። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ መሰብሰቢያ ሣጥን በአንዳንድ ሱፐርማርኬትና ወይን መሸጫ ታገኛላችሁ። መሰብሰቢያ በሌለበት ለድስት ማስቀመጫ፣ ለሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር፣ ለቢላ ጫፍ መሸፈኛ ይሆናል።

ለመለየት ጎኑን እዩት። መስመርና ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉት ከአንድ ቅርፊት የተበሳ ነው። ፍርፋሪ ተጣብቆ የተሠራ ከመሰለ እሱም ቡሽ ነው፤ ከተረፈ ምርት የተሠራ ርካሽ ዓይነት። ሁሉ ነገሩ አንድ ዓይነት፣ ለስላሳ፣ ሲቆርጡት እንደ ስፖንጅ የሆነው ግን ፕላስቲክ ነው፤ ከቡሾቹ ጋር አትቀላቅሉት።